አሮጌ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን በምን ታስመረምራላችሁ? ኮምፕሬሽን፣ ሊክዳውን ወይስ የዘይት ግፊት

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ምናምን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎሜትር እርሱት፣ እሱ ወደኋላ ይመለሳል፣ የተበላ ሲሊንደር ግን አይመለስም። ደላላው «ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም» ሲል ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፣ ግን 30 ዓመት ሲሰራ የኖረ ሞተር ተከፍቶ አያውቅም ማለት ፋሻውም (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) ብሮንዙም (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ሽፋን) የጥንቱ ነው ማለት እኮ ነው።

መጀመሪያ ነጻውን ምርመራ እንጨርስ፣ ዓይንና ጆሮን። ሻጩን ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ጠብቀኝ በሉት፣ ስትደርሱ እጃችሁን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ አድርጉ፣ ሞቆ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። በብርድ ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ላስቲክ ነው፣ እሱ በድርድር ያልቃል። ከዛ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገቱን ይዛችሁ ውጡ፣ ከኋላ የሚያይላችሁ ሰው ይኑር፣ ዳገት ላይ ቤንዚን ስትሰጡ ሰማያዊው ካላቋረጠ ፋሻ ጠርጥሩ። ነጭ ጭስ በጎንደር ጠዋት ሲነሳ ችግር የለውም፣ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመና የራዲያተር ውሃ ከቀነሰ ግን ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወፍራም ዘይት የሞላ ሻጭ ጭሱንም ድምጹንም ለትንሽ ቀን ይደብቅላችኋል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አታቁሙ።

ኮምፕሬሽን ቴስት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን በስንት ግፊት እንደሚያምቅ የሚለካው፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ነው፣ ጌጁ ብዙ ጋራዥ አለ፣ ስራውም ፈጣን ነው። ግን በአግባቡ ይሰራ! ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ይፈታ፣ ቤንዚንና ካንዴላ እሳቱ ይቋረጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አንድ ሰው ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጦ ሞተሪኖውን ያዙር፣ የጌጁ ቀስት መውጣት እስኪያቆም። አንድ ካንዴላ ብቻ ፈትቶ ሁለቴ አዙሮ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ከፍታው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ በ22 በመቶ አካባቢ ያንሳል፣ ሞተሩ የሚያምቀው አየር ስለሚያንስ ጌጁም ዝቅ ብሎ ያነባል። ለምሳሌ አሮጌ ኮሮላዎች ላይ ያለው የ4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ማኑዋል 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ጥሩ ነው፣ ከ142 በታች ግን አይሆንም ይላል፣ እዚህ ግን ሙሉ ጤነኛ የሆነው ራሱ 150 አካባቢ ነው የሚያነበው፣ የታችኛው ወሰን ደግሞ ወደ 110 ይወርዳል። ይሄን ያላወቀ ገዢ ደህና ሞተር ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከማኑዋሉ ቁጥር ይልቅ አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ፣ በማኑዋሉ በሲሊንደሮች መሀል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ነው።

አዘዞ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲለካ ያየሁት ኮሮላ 148፣ 150፣ 98፣ 145 አነበበ። መካኒኩ ሶስተኛው ላይ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሶ ደግሞ ለካ፣ 132 ወጣ። ዘይቱ ክፍተቱን ስለደፈነ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። እዛው 98 ላይ ቢቀር ኖሮ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን እንል ነበር፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በብዛት በመሀላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ጓርኒሲዮንና ቫልቭ ቴስታታ ወርዶ ይሰራሉ፣ ፋሻና ሲሊንደር ግን ሙሉ ሞተር መፍታት ነው።

ሊክዳውን በተቃራኒው አየር ወደ ሲሊንደሩ በኮምፕሬሰር አስገብቶ ስንት በመቶ እንደሚያፈስ ይለካል፣ ፒስተኑ ቫልቮቹ ተዘግተው ላይ ሲደርስ። ከፍታ አያሳስተውም፣ ደግሞ የሚያፈስበትን ቦታ በጆሮ ያሳያል፦ በማርሚታ ከተነፈሰ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። እስከ 10 በመቶ ጥሩ፣ ላረጀ ሞተር እስከ 20 ይቻላል፣ ከ30 ካለፈ እኔ አልገዛም። ጉዳቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል፣ መሳሪያው ያለውም ሁሉም ጋራዥ አይደለም። ኮምፕሬሽኑ እኩል ከወጣ ለዚህ አትክፈሉ፣ አንዱ ወድቆ መኪናውን ግን ከወደዳችሁት ክፈሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኮምፕሬሽኑም ሊክዳውኑም ኮሎን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እና ብሮንዝን አያሳዩም! ኮምፕሬሽኑ 150 የሚል ሞተር ከታች ሊያልቅ ይችላል። ዳገት ላይ ወፍራም ዱብ ዱብ ካለ፣ ካንዴላ ገመድ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ስሙ፣ የአንዱ ሲነሳ ድምጹ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር ቤላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው) ብሮንዝ ነው። ከዛ የዘይት ግፊት ጌጅ በዘይት መብራት ሴንሰሩ ቦታ ይታሰር፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ። የ4ኤ-ኤፍኢው ማኑዋል ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጥ) ላይ ቢያንስ 4.3 ፒኤስአይ፣ 3,000 ዙር ላይ ከ36 እስከ 71 ነው የሚለው፣ ከዛ በታች ከሆነ ፓምፕ ወይም ብሮንዝ ነው።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ለቆዩት ካርቡራተር መኪናዎች አይሰራም፣ ለሌሎቹም አንድ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርም። በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባው ትንሽ ካሜራ የተቧጠጠ ሲሊንደር ያሳያል፣ ፋሻ ግን አያሳይም። ናፍጣ ላንድክሩዘር የምትገዙ ደግሞ የቤንዚን ጌጅ አታስገቡ፣ ግፊቱ አይችለውም፣ የናፍጣ ጌጅ ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

ገንዘባችሁ ለአንድ ምርመራ ብቻ ከሆነ ኮምፕሬሽን፣ ደረቁም በዘይትም። ለሁለት ከሆነ የዘይት ግፊቱን ጨምሩ፣ ሊክዳውን ሶስተኛ ይሁን። ጋራዡን እናንተ ምረጡ፣ ደላላው የሚወስዳችሁ ቦታ አትሂዱ፣ ቁጥሮቹንም በወረቀት አስጽፋችሁ ያዙ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ከዛ ወረቀት የተሻለ የለም። ሻጩ ካንዴላ አላስፈታም ካለ ቀብድ ሳትሰጡ ወደሚቀጥለው መኪና ሂዱ።