ሐዋሳ ላይ የድሮ ሞተር ማሠራት፦ ሁለት ጋራዦች

የአባዬ ሆንዳ ሲጂ 125 ሐዋሳ ቤታችን ጓሮ ለዓመታት ቆማ ነበር። ሲጂ መጀመሪያ የወጣችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። የአባዬ ፑንቲና (እሳቱ እንዲነሳ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መክፈቻና መዝጊያ) ካላቸው ከቀደሙት ናት። ዘንድሮ ለእረፍት ስገባ በእሷ ልዞር ብዬ ሁለት ቦታ ወሰድኳት።

በሽታዋ እንዲህ ነው። ጠዋት በአንድ ምት ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ ሞተሩ ሲግል ትንተፋተፍና ጭጭ! ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሰፊ ነው፣ ቡናም ይጋብዛሉ። ገና ሳያስነሷት "ካርቡሬተሩ ነው" አሉ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ማለት ነው። ፈቱ፣ አጠቡ፣ ሂሳብ ተቀበሉ። ስትግል ያው ጠፋች። "እንግዲህ አዲስ ካርቡሬተር ግዛ" ሲሉኝ ተሰነባበትን።

ሁለተኛው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። መካኒኩ ምንም ሳይነካ "ጋሼ፣ መጀመሪያ እስክትጠፋ ይንዷት" አለኝ። ሰፈሩን ዞሬ እየገፋሁ መጣሁ። ወዲያው እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታ። በቤንዚን ርሷል። "ቤንዚኑ ይደርሳል፣ የጠፋው እሳቱ ነው።" ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት አስነክቶ ፔዳሉን መታ። ብልጭታው ቀጭንና ቢጫ ነው። ደህና ቢሆን ኖሮ ወፈር ብሎ ሰማያዊ ይሆን ነበር።

ሽፋኑን ሲከፍት የፑንቲናው ጫፍ ተቃጥሏል። ጥፋቱ ፑንቲናው ሲከፈት እዚያ እሳት እንዳይባክን የሚከላከለው የኮንደንሰሩ ነው። እሱ ሲግል ሥራ ያቆማል። ያኔ ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር እሳቱ እዚያው ይባክናል፤ ለካንዴላው የሚተርፍ የለም። የሲጂ ኮንደንሰር ፈልገን አጣን። መካኒኩ ግን ከአሮጌ ቮልስዋገን የወጣ አምጥቶ ከሽፋኑ ውጭ አሰረላት። አቅማቸው ስለሚቀራረብ ይሠራል፣ ከሙቀት መራቁ ደግሞ ትርፍ ነው። ፑንቲናውን አለስልሶ ክፍተቱን በ0.3 እና በ0.4 ሚሊሜትር መካከል አደረገ። ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ማግኔት ላይ ያለችው፣ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ የምታሳየው የኤፍ (F) ምልክት ስትገጥም ፑንቲናው መከፈት መጀመሩንም አየ።

ካርቡሬተሩን የነካው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ በሽቦ አልወጋም፤ ቀዳዳው ይሰፋል ብሎ በአየር ነፋው። ቀጥሎ ሻሸመኔ ደርሼ ስመለስ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል። ካርቡሬተሩ ውጭ አገር፣ ባሕር ጠለል አጠገብ የተስተካከለ ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ሲያደርግ ካንዴላው ቡና ዓይነት መሰለ፣ ጉልበቷም ተመለሰ።

ጉድለትስ? "ነገ ጠዋት" ማለት ከሰዓት በኋላ ነው። ደረሰኝ የለም። ዋጋውን ግን ሳይጀምር ነግሮኝ በዚያው ጸና። ማደያ ላይ ወረፋ ሲበዛ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አትቅዱባት፤ ውሃ ካለበት ካርቡሬተሩ ሥር ይተኛና ሌላ ጣጣ ነው።

ከውጭ ዕቃ የምታመጡ ከሆነ ኮንደንሰር፣ ፑንቲናና ካንዴላ ያዙ። ሦስቱም ኪስ ይገባሉ።