ስፓይክ ፕራይም ወይስ ቬክስ አይኪው?

ሁለቱም የሮቦት መሥሪያ ኪቶች (የክፍሎች ስብስቦች) ናቸው። ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር ኪት ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ውድድሩን ምረጡ። በፈርስት ሌጎ ሊግ ሮቦቱ ለ2 ደቂቃ ተኩል በፕሮግራሙ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሪሞት ብሎ ነገር የለም። ለዚህ ሌጎ ስፓይክ ፕራይም ምርጥ ነው፤ 528 ክፍሎች፣ 3 ሞተር። ለጀማሪ ልጆች እኔ ያለ ማንገራገር እሱን ነው የምለው። ችግሩ መሰኪያው 6 ብቻ ነው፤ 4 ሞተርና 2 ሴንሰር ከሰካችሁ አለቀ።

ሁለተኛው ትውልድ ቬክስ አይኪው ግን 12 መሰኪያ አለው፣ መንጃ ጆይስቲክም አብሮት ይመጣል፣ ምክንያቱም በቬክስ ውድድር ልጆቹ ከሌላ ቡድን ጋር ተጣምረው ለ60 ሰከንድ ሮቦቱን ራሳቸው ይነዱታል፤ መካኒክ ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የቬክስ ክፍሎችን የሚያያይዙት ፒኖች ጥብቅ ስለሆኑ የፒን መንቀያዋን እንዳትጥሏት።