ቤት ልትገዙ ከሆነ ጣሪያውን ለእኚህ ሰው ሳታሳዩ ቀብድ አትክፈሉ

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሥራቸው ጣሪያ ማየት ነው። ሰው ቤት ሊገዛ ሲል ይጠራቸዋል። መጥተው ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገራሉ። ቀላል ሥራ ከመሰላችሁ፣ እሳቸውን እስካገኝ ድረስ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ።

ቤቱን የፈለግነው ለእናቴ ነው። እሷ እንድታርፍበት፣ እኛም እንድንሰበሰብበት። ያገኘነው ቤት ሲያዩት ደስ ይላል። ወለሉ ያበራል፣ በሮቹ ጠንካራ ናቸው፣ ኮርኒሱ ቀለም ከተቀባ ገና ብዙ አልቆየም። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ይህንኑ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሰው መሰላል እንኳን አልያዘም። ግቢው መሃል ቆሞ አንገቱን ቀና አደረገና «ምንም አይልም፣ ሰላም ነው» አለኝ። «ኮርኒሱ ውስጥ አይገቡም እንዴ?» ስለው ስልኩን እየነካካ «እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው» አለ። ሂሳቡን ግን ቆጥሮ ተቀበለ። ሌላው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወጥቷል። ሲወርድ ግን ጣሪያው በሙሉ ካልተነሳ ቤቱ አደጋ ላይ ነው ብሎ አስደነገጠኝ። ምኑ እንደተበላሸ ስጠይቀው የሚያሳየኝ አንድም ነገር አልነበረውም። ወዲያው ቆርቆሮ የማቀርበው እኔ ነኝ፣ ሠራተኛም አለኝ ማለት ጀመረ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ባለማህተሙ ነው። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ከሻጩ ደላላ ጋር አብሮ የሚሠራ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ማን እንደሆኑ አልናገርም፣ ሰው ማዋረድ አልፈልግም። ግን ያቃጥላል። ሰው ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ መጥቶ እንዲህ ይደረጋል?

ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ። እግሯን ይባርክልኝ።

በቀጠሯቸው ሰዓት መጡ፣ መሰላላቸውን ራሳቸው ተሸክመው። እንደመጡ ግን አልወጡም። ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው ቤቱን ከሩቅ ብዙ ጊዜ አዩት። የጣሪያው አናት ቀጥ ብሎ መሄዱን፣ መሃሉ የረገበ አለመሆኑን ነው የማየው አሉኝ። ከዚያ ቤቱን ዞሩት። አሸንዳው ውስጥ እጃቸውን ሰደው የተጠራቀመውን ቅጠልና አፈር አወጡ። ውሃው የሚወርድበት ግድግዳ ሥር አጎንብሰው ልስኑን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። የወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከላይ ሆነው ስለ ቆርቆሮው ውፍረት፣ ስለ ድርብርቡ፣ ጣሪያው ከግድግዳ ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ ብዙ ነገር ነገሩኝ። አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ ስለ ሚስማሩ ያሉት ነው። ሚስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ የሚፈሰው በስርጉዱ ነው። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ላስቲክ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ደህና መስሎ ውሃ የሚያስገባው አንዱ በዚያ ነው።

ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ግን ኮርኒስ ውስጥ የሆነውን ነው። ቀድመው ገቡና ከውስጥ ጠሩኝ። «ነይ ልጄ፣ አንቺም እዪው። ገንዘቡን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።» እጄን ይዘው ጠንካራው እንጨት ላይ እንድቀመጥ አደረጉኝና የእጅ ባትሪያቸውን አጠፉት። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። «አትቸኩዪ፣ ዓይንሽ ይልመደው» አሉኝ። ቀስ በቀስ በቆርቆሮው ላይ መርፌ የሚያካክሉ የብርሃን ነጥቦች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እዚህም፣ እዚያም። «ፀሐይ በገባበት ዝናብም ይገባል» አሉ።

ከዚያ ባትሪውን አብርተው ከአንዱ ቀዳዳ ሥር ጀመሩ። በእንጨቱ ላይ የጠቆረ መስመር አለ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው እየተከተሉ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከቀዳዳው ብዙ ርቀው ከትልቁ መኝታ ቤት በላይ ቆሙ። ያ አዲስ ቀለም የተቀባው ኮርኒስ ልክ ከሥራቸው ነው። «ውሃ በገባበት አይወርድም ልጄ። እንጨት ይዞ ይሄድና መሄጃ ሲያጣ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሰው ኮርኒሱ በረጠበበት ትይዩ ያለውን ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ማፍሰሱ ግን አይቆምም።» ካቻቢቴውን ሰጡኝና እንጨቱን ራሴ እንድወጋው አደረጉኝ። ያለ ምንም ጉልበት ጥልቅ አለ። ቀጥሎ ያለውን ስወጋው ደግሞ ቀጥ ብሎ መለሰኝ። «ያኛው አልቆለታል፣ ይሄኛው ገና ብዙ ያኖራል» አሉና የበሰበሱትን ብቻ በጠመኔ ምልክት አደረጉባቸው። ያ «ሁሉም ይነሳ» ያለኝ ሰው ትዝ አለኝ። ምልክት የተደረገባቸው እኮ ጥቂት እንጨቶች ናቸው!

ከጓሮ ያሉት ክፍሎች ክዳን ደግሞ ቆርቆሮ አይደለም፣ አሮጌ ግራጫ ነገር ነው። ጋሼ እሱ ላይ ጨርሶ አልወጡም። አስቤስቶስ የሚባለው፣ ድሮ ከጣሪያ ክዳን ጋር ይደባለቅ የነበረ ቃጫ መሰል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል አሉ። አስቤስቶስ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ወይም ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ሚስማር እንዳይመታበት፣ ማንም እንዳይጠርገው አስጠነቀቁኝ። ቤቱን አይቶ የሄደ ሰው ሁሉ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር። ባላውቅ ኖሮ የእህቴ ልጆች እዚያ ሥር ሲጫወቱ ሊውሉ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ሻጩ ሲሰማ ተቆጣ። ጋሼ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ጌታዬ፣ ቤትዎን ለማጣጣል አልመጣሁም። ይምጡና አብረን እንየው» ብለው ይዘውት ወጡ። ሲወርዱ ሰውዬው ዝም ብሏል። በኋላ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀነሰልን፣ ተስማማን። ጥገናውን ጋሼ እንዲሠሩልን ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «እኔው አይቼ እኔው ከሠራሁት፣ ነገ ችግር አለ ስል ማን ያምነኛል?» አሉኝ። ያዩትን በፎቶ አስደግፈው ጽፈው ሰጡኝ። አሁኑኑ መሠራት ያለበት የትኛው ነው፣ ሊቆይ የሚችለው የትኛው ነው፣ ገንዘብ ሊወጣበት የማይገባው የትኛው ነው፣ ሁሉም ለየብቻው ተጽፏል። ጠጋኙም ያንን ወረቀት ይዞ ነው የሠራው።

ስለ እናቴ ትንሽ ልበል፣ ምስጋናዬ ለምን እንዲህ እንደበዛ ይገባችኋል። ያደግነው በሚያፈስ ኪራይ ቤት ነው። ዝናብ ሲጀምር እናቴ ተነስታ ፍራሻችንን ወደ ደረቁ ጥግ ትጎትታለች። ሳፋውን እዚህ፣ ባልዲውን እዚያ ታስቀምጣለች። የሳፋው ጠብታ እንዳይቀሰቅሰን ውስጡ ጨርቅ ታደርግበታለች። እኛ ስንተኛ እሷ እየጨመቀች፣ እየደፋች ታነጋለች። ያ ጊዜ ካለፈ ስንት ዘመን ሆኖታል፣ እሷ ግን አሁንም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ሲል ትነቃለች። ጋሼ ቤቱን ሲያዩ አብራን ነበረች። «ወንድሜ፣ ያፈሳል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እንደ ሌሎቹ «አይዞዎት» ብለው አላለፏት። አጠገቧ ተቀምጠው የቱ ጋ እንደሚያፈስ፣ ምን ቢደረግ እንደሚቆም ቀስ ብለው አስረዷት። እሷም ያንን ሁሉ የሌሊት ታሪክ አጫወተቻቸው። አንድ ቃል ሳያቋርጡ ሰሟት።

ጥገናው አልቆ ከገባን በኋላ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። ሂሳባቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል፣ እኛ ዘንድ የሚቀራቸው ጉዳይ የለም። «እናታችን ተኝተው አደሩ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። ተኝታ እንዳደረች ስነግራቸው «ተመስገን» ብለው ዘጉ። እኔ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

እባካችሁ፣ ቤት ልትገዙ የምታስቡ ሁሉ፣ ቀለሙን አይታችሁ አትወስኑ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጋሼን ጥሩ። አሁንም እላለሁ፣ ጋሼን ጥሩ! የማያውቁትን አላውቅም የሚሉ፣ ደህናውን ደህና የሚሉ፣ ከማንም ጋር የማይሻረኩ ሰው ናቸው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለመስጠት ፈቅደውልኛል። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ስለማይወጡ ቀጠሮውን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ሻጩ ኮርኒሱን እንዲያስከፍትላችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ የኮርኒሱን ውስጥ ሳያዩ ምንም ቃል አይሰጡም።

ጋሼ፣ ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እናቴም ሰላም ብላዎታለች።