የክርክርን ዐውድ ለመያዝ፦ የሃይምስ ዝርዝር ወይስ የቫን ዳይክ ሞዴል?

አሜሪካዊው የቋንቋና የባህል ተመራማሪ ዴል ሃይምስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የንግግርን ዐውድ በስምንት ነጥቦች ከፈለው፦ ቦታና ጊዜ፣ ተሳታፊዎች፣ ዓላማ፣ ቅደም ተከተል፣ ቃና፣ የመገናኛ መንገድ፣ ደንብ፣ ዘውግ (የንግግሩ ዓይነት፣ ለምሳሌ ክርክር ወይም ስብከት)። ለጀማሪ ምቹ ነው።

የኔዘርላንድሱ የንግግር ተመራማሪ ቴዩን ቫን ዳይክ ግን ዐውድ ያለው በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ነው ይላል። ሁለት ተከራካሪዎች አንድ መድረክ ላይ ቆመው ሁኔታውን በየራሳቸው ይረዱታል። አንዱ ባላንጣውን ሊያሳምን ይሞክራል፤ ሌላው እሱን ትቶ ለተመልካቹ ያወራል። «ጥያቄዬን አልመለሱም» የሚለው ንግግር ከመጀመሪያው ሲመጣ መልስ ፍለጋ ነው። ከሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ባላንጣን በሕዝብ ፊት ማሳጣት። ዝርዝሩን መሙላት ብቻ ይህን ልዩነት በቀላሉ አያወጣውም።

ችግሩ፣ አእምሮ አይታይም። ከተውላጠ ስም፣ ባላንጣ ከሚጠራበት መንገድ፣ ሆን ተብሎ ከታለፈው ነገር መገመት ነው። ግምት ደግሞ ያስታል።

ለክርክር እኔ ቫን ዳይክን እመርጣለሁ። ሃይምስ መረጃ ስሰበስብ ይበቃኛል።