በሱሉልታ ለሚገኙት መካኒክ ምስጋና፤ የካንዴላ ገመድ ለሚቃጠልባችሁም ጥቆማ

ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረች ትንሽ ግቢ ውስጥ ለሚሠሩት አዛውንት መካኒክ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። «ስሜን አትጻፍ፤ የሚመጣ ሰው ሥራዬን አይቶ ይምጣ» ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። የቤንዚን መኪና የሚሠሩት ጋሼ የት እንደሆኑ ሰፈሩ ውስጥ የጠየቀ ሰው ግን አይጠፋበትም።

መኪናዬ ከአባቴ የወረስኳት ባለ 8 ሲሊንደር አሮጌ ሬንጅ ሮቨር ናት። ፋብሪካው የገጠመላት ወፍራም የጭስ ማውጫ ብረት ስለተሰነጠቀ፣ የዛሬ ዓመት ገደማ በምትኩ ከውጭ የመጣ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቀጭን ቱቦ ያለው የጭስ ማውጫ አስገጠምኩላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሜዳ ላይ ያለ እንከን የምትሄደው መኪና የእንጦጦን ዳገት ስትጀምር ሞተሯ መቆራረጥ፣ ጉልበቷም መክዳት ጀመረ፤ ዝናብ በጣለበት ጠዋት ደግሞ ይብስባት ነበር። ሦስት ጋራዥ ተመላለስኩ። በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጥለው ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡራተር ታጠበ፣ የካንዴላ ገመዶችንም ከሶማሌ ተራ አዲስ ገዝቼ አስቀየርኩ፤ 3 ወር ያህል ደህና ከሠራች በኋላ ችግሩ እንዳለ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ኃይሉን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ሙሉ በሙሉ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም ተባልኩ።

ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ፤ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሣ፣ የጭስ ማውጫው የተቀየረው መቼ ነው። ከዚያ «ልጄ፣ መኪናዋን እዚሁ ተዋትና ሲመሽ ና» አሉኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ የግቢውን መብራት አጥፍተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን አስነሡና ልብስ ሲተኮስ ውሃ በሚረጭበት ዕቃ ገመዶቹን እንደ ጤዛ አረጠቧቸው። ወደ 5ኛው ሲሊንደር በሚሄደው ገመድ ጫፍና በጭስ ማውጫው ቱቦ መካከል ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲዘል በዓይኔ አየሁ። ያን ያህል ወር የተንከራተትኩበት ችግር በ5 ደቂቃ ፊት ለፊቴ ቆመ።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ገመዱን ሳይጎትቱ፣ የጫፉን የላስቲክ ቆብ ይዘው ግራና ቀኝ እያዞሩ ነቀሉት። ላስቲኩ በጣቶቻቸው መካከል እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። 7ኛው ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ በመለኪያ ሲሞከር ግን ውስጡ ተቋርጧል።

ምክንያቱን ያስረዱኝ እንደ አስተማሪ ነው። ወፍራሙ የፋብሪካ ብረት ከካንዴላዎቹ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ቀጭኑ ቱቦ ግን ከገመዱ ጫፍ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ያልፋል። የቱቦው ሙቀት በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ የሚለካ ነው፤ ጥሩ የሚባለው የሲሊኮን ላስቲክ እንኳ ለረጅም ጊዜ የሚችለው 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር፣ ካንዴላው እሳት ለመጣል የሚፈልገው ቮልትም ይጨምራል፤ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊደርስ የሚችለው ይህ ኃይል በካንዴላው ከመዝለል ይልቅ በተሰነጠቀው ላስቲክ በኩል ወደ ብረቱ ማምለጥ ይቀለዋል። አዲስ ገመድ ብቻ መግጠም ለምን እንዳልረዳኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አዲስ የሲሊኮን ገመድ ገጠሙ፤ እያንዳንዱን ጫፍ ከመስታወት ክር በተሠራ ሙቀት መከላከያ አለበሱ፤ ገመዶቹም በቱቦዎቹ ጎን ማለፋቸው ቀርቶ ከላይ ወደ ካንዴላው እንዲወርዱ፣ ከላሜራ ቆርጠው ባጠፉት መያዣ አሰሯቸው። የ5ኛውንና የ7ኛውን ገመድ ሆን ብለው አራራቋቸው፤ የዚህ ሞተር የእሳት ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል፣ 1-8-4-3-6-5-7-2 በመሆኑ፣ ጎን ለጎን ያሉት እነዚህ ሁለቱ ተከታትለው ስለሚተኩሱ፣ ገመዶቻቸው ተጠጋግተው ከሄዱ የአንዱ ኃይል በሌላው ላይ ያርፋል። ቱቦዎቹን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ እንዲጠቀልሉልኝ ብጠይቃቸው «ክረምቱን እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላብሃል» ብለው እምቢ አሉኝ፤ በምትኩ በቱቦውና በገመዱ መካከል ቀጭን የላሜራ መከለያ አቆሙ። ዲስትሪቢውተሩንም ፈትሸው ደህና ነው፣ ገንዘብህን አታባክን አሉኝ። ይህን ሳይናገሩ ቢቀይሩት ኖሮ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው በዚህ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ዳገቱን ያለ ችግር ተመላለስኩበት። ባለፈው ሳምንት ለፍተሻ ስመለስ የ5ኛውን ቆብ ራሳቸው ነቅለው ለስላሳ እንደሆነ አሳዩኝ፤ የፍተሻ ሂሳብም አልተቀበሉኝም።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ የናፍጣ መኪና አይሠሩም፤ እሑድም ዝግ ናቸው። የያዙትን መኪና ሳይጨርሱ ሌላ ስለማይነኩ፣ በጠዋት ሄዶ ወረፋ መያዝ ይሻላል።