ርካሹ ፍሬን አኮራኝ፤ ያቃጠለኝ ዲስኩ ነው

ለቁልቁለት ብስክሌቴ ሺማኖ የተባለው ድርጅት የሚሠራውን ዲኦሬ ባለ አራት ፒስተን ፍሬን (ፒስተኖቹ ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ይጫኑታል)፣ ኤም 6120 የሚባለውን፣ ከገጠምኩ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። እስከ ዛሬ ስለ እሱ አንድ መስመር ያልጻፍኩት የምለው ስላልነበረኝ ነው። ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ፍሬን ማን ያነሳዋል? የሚነሳው እምቢ ሲል ነው። አሁን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን እምቢ ይላል ብዬ በጠበቅኩበት ቦታ ላይ እምቢ አለማለቱ ነው።

ቦታውን እንጦጦን የሚያዘወትር ሁሉ ያውቀዋል። ከማርያም አካባቢ ተነስቶ በባህር ዛፉ መሀል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት ሲጀምር አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መጨረሻው ነው። እጅ ሲዝል፣ ፍሬኑ ሲግል፣ ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና ጭነት የያዙ አህዮች ከመታጠፊያው ጀርባ ብቅ ሲሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ከብስክሌቱ ጋር የመጣው የድሮው ፍሬን ባለ ሁለት ፒስተን ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ በጣት የሚሳበው እጀታ እየላላ እየላላ መሪውን ሊነካ ይደርሳል። ደጋግሜ ጨምቄ ነፍስ እዘራበታለሁ፤ ትንሽ ይይዛል፣ እንደገና ይላላል። አዲሱ ግን አናት ላይ እጀታውን ስስብ ጣቴ የቆመችበት ቦታ፣ ታች ስደርስም እዚያው ናት። ቀዝቃዛ ጠዋት፣ ሞቃት ቀትር፣ ጭቃ፣ አቧራ፣ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ አጋጣሚ መስሎኝ ነበር።

ለአንድ ጎማ የሚሆነው እጀታና ካሊፐር (ፒስተኖቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል)፣ ዘይቱ በቱቦው ተሞልቶ፣ አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዶላር ብዙም አይርቅም። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ መቶ ዶላር በብር ሲነገር ጆሮ ያማል፤ ቢሆንም ለቁልቁለት ከሚሸጡት ፍሬኖች መካከል ይህ የድሃው ሰፈር ነው። የላይኞቹ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ ገባ።

ውድ ፍሬን የሚሸጥ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ለመናፈሻ ከሆነ ይበቃዎታል፤ ለእውነተኛ ቁልቁለት ግን ስሙ የተከበረውን ይግዙ።» እሺ፣ ስሙ የተከበረውን እንይ። የሺማኖ የቁልቁለት ፍሬን ሴይንት ይባላል፤ ከ2012 የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ ያለው ሞዴል እሽቅድምድም ላይ ስም ያተረፈ ነው። የእሱ የፍሬን ሸራና የእኔ ርካሽ ካሊፐር ሸራ ቅርጻቸው አንድ ነው። ከዚያ አውጥቼ እዚህ ብሰካው ቁጭ ይላል። አራት ፒስተን እዚያም አራት ፒስተን ነው፣ እዚህም አራት ፒስተን ነው። ሰርቮ ዌቭ የሚባለው የእጀታ አሠራር፣ መጀመሪያ ሸራውን ቶሎ ወደ ዲስኩ አድርሶ ከዚያ ኃይሉን የሚያበዛው፣ በዚህም እጀታ ላይ አለ። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ያለ መፍቻ በጣት የሚስተካከል እጀታ፣ የተሻለ ቀለም፣ ጥቂት ግራም። ለቁልቁለት ብስክሌት ስለ ግራም የሚያወራ ነጋዴ ደግሞ ብስክሌቱን አንድ ጊዜ በትከሻው ተሸክሞ ዳገት ቢወጣ ወሬውን ይተዋል።

ኃይል የሚባለው ነገር ካሊፐሩ ላይ በታተመው ስም ውስጥ አይደለም ያለው። ለስሌት እንዲመች እኔና ብስክሌቴ ከነትጥቃችን መቶ ኪሎ እንሁን፣ አምስት መቶ ሜትር ከፍታም እንውረድ። ያ ቁልቁለት 490 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ነው። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ሁለቱ ዲስኮች ላይ ያርፋል። ጠቅላላው ጉልበት ወደ ጀበና ቢገባ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ያፈላል። እኛ ያንን እሳት የምንጭነው 1.8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ብረት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የየትኛው ድርጅት ነው?» ሳይሆን «ሙቀቱ የት ይሄዳል?» መሆን አለበት።

ሙቀቱ መሄጃ ሲያጣ ሁለት ዓይነት በሽታ ይመጣል፤ ጋራዥ ውስጥ ሁለቱን የሚለይ ሰው አላገኘሁም። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተሳበ ዘይቱ ውስጥ የፈላ ነገር አለ፤ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይታመቅም። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ፍሬኑ ካልያዘ ደግሞ ዘይቱ ጤነኛ ነው፣ የተቃጠለው ሸራው ነው፤ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። የእኔ የድሮ ፍሬን የመጀመሪያውን ነበር የታመመው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ዘይት ውስጥ የገባች ጠብታ ውሃ እንጦጦ ላይ ቀድማ ታጋልጣለች።

የኋላው ዲስክ 180 ሚሊሜትር ነበር፣ ወደ 203 አሳደግኩት። ያው ካሊፐር፣ ያው ጣት፤ ዲስኩ ስለሰፋ ብቻ የሚይዘው ኃይል በአንድ ስምንተኛ ያህል ይጨምራል፣ ብረቱ ስለሚበዛም ሙቀቱን የሚሸከምበት አካል ያገኛል። የፊቱ ሹካ ለ200 ሚሊሜትር ዲስክ የተሠራ ስለሆነ ካሊፐሩ በየብሎኑ ሥር የ1.5 ሚሊሜትር ሮንዴላ ይፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ የሚገጥሙ አሉ፤ ሸራው የዲስኩን ጠርዝ ትቶ ከታች ይበላል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ዲስኮቹን ከውጭ ማስመጣት አላስፈለገም፤ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ 203 ነበረው። ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። ሻጩን በግልጽ ጠየቅኩት፤ የምጠቀመው የብረት ሸራ ነው፣ ከብረት ብናኝ የተሠራው፤ ይሆናል ወይ? «ለሁሉም ይሆናል፣ ጋሼ፤ ዲስክ ያው ዲስክ ነው።» ለጥቂት ሳምንት ሁሉም ሰላም ነበር። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ሲበዛ ግን ከፊት የሚሰማው ድምፅ ተለወጠ፤ መፋጨት የመሰለ ነገር መጣ። አንድ እሁድ ብስክሌቱን አጥቤ ዲስኩን በጨርቅ ስወለውል ጥፍሬ ጠርዙ ላይ ተያዘ። ሸራው የሚነካው ክፍል ጎድጉዶ፣ ያልተነካው ጠርዝ ቀርቶ፣ መሀላቸው ደረጃ ሠርቷል። በመለኪያ ስይዘው ከ1.5 ሚሊሜትር በታች ወርዷል፤ እዚያ ሲደርስ መጣል አለበት የሚባልበት ልክ ማለት ነው። ጭቃው የለቀቀው የዲስኩ ክንድ ላይ ደግሞ ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ ብቅ አለች፤ ለሬዚን ሸራ ብቻ ትላለች፤ ሬዚን በሙጫ የተያዘው ለስለስ ያለው ሸራ ነው።

እንዲህ ዓይነት ዲስክ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ የብረት ሸራ ሲያገኘው እንደ ሞረድ ይልገዋል። ጉድለት አይደለም፣ ለከተማ ብስክሌት ታስቦ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በቦታው ጥሩ ነው። ጉድለቱ ያለው «ለሁሉም ይሆናል» የሚለው አፍ ላይ ነው። ዲስኩን ይዤ ተመለስኩ። ሰውየው ዓይኑን አጥብቦ አነበበውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ተጽፎበታል እኮ!» ተጽፎበታል! ማለትም ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፣ የእሱም አይደለም፣ ከጭቃ በታች ያለ ጽሑፍ ያላነበበው የገዢው ነው። ገንዘቤን አልመለሰም። ለብረትም ለሬዚንም ሸራ የሚሆን ዲስክ ሌላ መንገደኛ እስኪያመጣልኝ ድረስ ሬዚን ሸራ አስገብቼ በቀስታ ከመንዳት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ስለ ሸራው ካነሳሁ፣ ከካሊፐሩ ጋር የመጣልኝ ሬዚን ነበር። ድምፅ የለውም፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይነክሳል፣ ለበጋ እወደዋለሁ። በክረምት ግን ቀዩ ጭቃ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ሲገባበት ሳሙና ሆኖ ያልቃል። የብረቱ ዕድሜ ይረዝማል፣ ሙቀትም ይችላል፤ ዋጋው ጩኸት ነው። እርጥብ ሲሆን ያፏጫል፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ውሻ ሁሉ ተነስቶ ይቀበለኛል። እኔን አያስከፋኝም፤ እንዲያውም ጥሩምባ አያስፈልገኝም። አዲስ ሸራ ሲገባ ማለማመድ ግድ ነው፤ ሜዳ ላይ ፍጥነት ይዞ፣ ጎማውን ሳያስሩ እስከ እርምጃ ድረስ ማብረድ፣ ይህንን ሃያ ጊዜ ያህል መደጋገም። አንድም ሻጭ ነግሮኝ አያውቅም። ሳያለማምድ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው «ፍሬኑ ኃይል የለውም» ብሎ ስም ሲያጠፋ ትሰማላችሁ።

ከዚህ ፍሬን ጋር የሚያከራክረኝ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ዘይቱ። ሺማኖ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው፣ ቀላ ያለ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ዶት የሚባለው፣ ግን በየመለዋወጫ መደብሩ ሞልቷል። ስለዚህ «ለእኛ አገር በዶት የሚሠራ ይሻላል፤ ስራም የተባለው ድርጅት የሚሠራውን ኮድ ወይም የሄይስን ዶሚኒየን ግዛ» የሚል ሰው ሲመጣ ዝም ብዬ አላባርረውም፣ ነጥብ አለው። ሁለቱም ጠንካራ ፍሬኖች ናቸው። ነገር ግን ዶት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መለኪያው 155 ላይ ይወርዳል። መደብሩ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የቆመው ጠርሙስ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ማን ያውቃል? የማዕድን ዘይት እንዲህ አይጠጣም፣ ቀለምም አይልጥም። ለዓመታት ዶትን የሙጥኝ ያለው ስራም ራሱ በ2024 የፈረንጆች ዓመት ያወጣው ትልቁ ፍሬን፣ ሜቨን፣ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። ክርክሩን ለእነሱ ትቻለሁ።

የማልተወው ግን የጋራዡን ጓደኛችንን ነው። ፍሬኑ ቱቦ ውስጥ የገባ አየር ላስወጣ ስል የመኪና ዘይት ይዞ መጣልኝ። «የፍሬን ዘይት አይደለም እንዴ?» አዎ፣ ነው፤ ግን የማዕድን ዘይት የለመደ ጎሚኒ ዶት ሲነካው ያብጣል፣ ፒስተኑ ይጣበቃል፣ ካሊፐሩም ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። እጁን ይዤ ነው ያስቆምኩት። አየር ማስወጣቱ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ከላይ እጀታው ላይ ማንቆርቆሪያው ይታሰራል፣ ከታች ካሊፐሩ ላይ በስሪንጅ ይገፋል፣ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ እጀታው መታ መታ ይደረጋል። ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ ይሠራዋል።

ሌሎች አማራጮች? ጀርመኑ ማጉራ ኤምቲ 5 አውሮፓ ላሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፣ ኃይሉንም ማንም አይክደውም፤ የእጀታው አካል ከብረት ያልሆነ መሆኑ ብቻ ድንጋይ ላይ ስወድቅ ይታየኛል። የቲ አር ፒ የቁልቁለት ፍሬን 2.3 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ዲስክ የተሠራ ነው፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ዲስኩ ሲያልቅ ግን እዚህ ያለ ሰው ወደ ማን ይሄዳል? እኔ የምመዝነው በዚህ ነው። አሜሪካ ሆኖ ጠዋት አዝዞ ከነገ ወዲያ የሚደርስለት ሰው በሌላ ቢመዝን አልፈርድበትም።

ነገ ብስክሌቴ ቢሰረቅ ይህንኑ ፍሬን እገዛለሁ፤ ከውዱ ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት በሙሉ ደግሞ ዲስክ ላይ አውላለሁ። የምታስመጡ ከሆነ ለመንገደኛችሁ ከፍሬኑ ጋር ለሁለቱም ዓይነት ሸራ የሚሆኑ ሁለት ዲስኮች፣ ሁለት ጥንድ የብረት ሸራና መቶ ሚሊ ሊትር የማዕድን ዘይት ንገሩት። ሻንጣው ውስጥ ቦታ የለኝም ካላችሁ ጥንድ ጫማ ያስቀር። ሰኔ ሲገባ እነዚህን እዚህ ፈልጋችሁ አታገኟቸውም፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሰው ግን በየሱቁ ታገኛላችሁ።