ሳያኖታይፕ ለምታትሙ፦ ቀጥ ያለ የብርጭቆ ዘንግ የሚሠሩ ሰው አዲስ አበባ አሉ

ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን፣ አንድም «ዘንጉን ከየት አገኘኸው?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ በአንዴ ለመመለስ ነው።

ለማታውቁት፣ ሳያኖታይፕ ጆን ኸርሼል በ1842 እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ ፎቶ በሰማያዊ የሚታተምበት ዘዴ ነው። የመሐንዲሶች ብሉ ፕሪንት የሚሠራውም በዚሁ ኬሚስትሪ ነበር። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ለየብቻ በውኃ ይሟሙና ይቀላቀላሉ፤ ድብልቁ ወረቀት ላይ ተቀብቶ ጨለማ ቦታ ከደረቀ በኋላ ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጥላው የተገለበጠ የፎቶ ፊልም) ተደርቦበት ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በውኃ መታጠብ ነው። ፀሐዩስ እዚህ ከፍታ ላይ መች ይጠፋል። ፈተናው መቀባቱ ነው።

ብሩሽ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ፀጉር ይጥላል፣ መስመር ይተዋል። ማሰሪያው ብረት ከሆነማ ከኬሚካሉ ጋር እየተጣላ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይዘራል። ፎቶው ሰፊ ሰማይ ወይም የሰው ፊት ካለበት እንዲህ ያለ መስመር መደበቂያ የለውም። ለዚህ የሚበጀው ሁለት ጫፉ ለእጀታ የታጠፈ የብርጭቆ ዘንግ ነው። ውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል፤ እዚህ ለማስመጣት ግን ማጓጓዣው ያስመርራል፣ ያውም ሳይሰበር ከደረሰ።

የእኔን ዘንግ የሠሩልኝ ጋሼ፣ የብርጭቆ ቱቦ በእሳት እያጠፉ የሚበራ የኒዮን ማስታወቂያ የሚሠሩ ናቸው። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ ኒዮን የሚያሠራ ሰው ቢመናመንም ማንደጃቸውን አላጠፉም። ለእኔ ዘንግ የሚሆነውን ቱቦ ገና ሳያጥፉት የመስኮት መስታወት ላይ እያንከባለሉ አዩት፤ ከሥሩ ብርሃን ያሾለከውን ሁሉ ወዲያ አሉት። ሲያጥፉት ክርኑ ላይ እንዳይጨፈለቅ በጎማ ቱቦ ትንሽ ትንሽ ይነፉበታል። ሁለቱን ጫፎች በእሳት ደፍነው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተዉት። አለቀ ስል ደግሞ መስታወቱ ላይ ውኃ አፍስሰው በዘንጉ ጎተቱት። ውኃው መኻል ላይ ሲበጠስ አይተው «ይሄ ላንተ አይሆንም» አሉና በሌላ ቱቦ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ እንኳ አላስተዋልኩትም ነበር።

አሁን ለአንድ ኤ4 ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል በሲሪንጅ እለካና ከወረቀቱ አንድ ጠርዝ ላይ በመስመር አፈሳለሁ። ዘንጉን ግራና ቀኝ ነካ ነካ አድርጌ ፈሳሹ ከዳር እስከ ዳር ሲይዝ፣ ሳልጫን ወደ ራሴ እስበዋለሁ። ጫፍ ሲደርስ አነሣና ከፈሳሹ ኋላ አሳርፌ እመልሰዋለሁ። ጥቂት ምልልስ ይበቃል፤ የተረፈውን በመምጠጫ ወረቀት ጠርዙ ላይ አነሣለሁ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ወረቀቱ ፈሳሹን ቶሎ ይውጠዋል፤ ቀድሜ እርጥበት ያለበት ክፍል አቆየዋለሁ። ኖራ የገባበት ወረቀት ከሆነ ግን ዘንግም አያድነውም፤ ኖራ አልካሊ ነውና ሰማያዊውን ቀለም ያጠፋዋል።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ አይቸኩሉም፣ ስልክም ቶሎ አያነሡም። ለነገ የምትፈልጉት ነገር ይዛችሁ አትሂዱ። ዋጋቸው አይጎዳም፤ የማይሆነውን ደግሞ «አይሆንም» ይሏችኋል እንጂ አድበስብሰው አይሰጧችሁም።

ስማቸው እንዳይጠራ ስለጠየቁኝ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትቀቡትን የወረቀት ስፋት ለክታችሁ ያዙ፤ በሁለቱ እጀታዎች መካከል ያለው ቀጥ ያለው ክፍል ከዚያ ትንሽ ጠበብ ማለት አለበት፣ አለዚያ ፈሳሹ ከወረቀቱ ውጭ ይፈሳል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁለተኛው መጠን፣ ለኤ3፣ ከበዓል በኋላ እመጣለሁ።